ከጭቃው እስከ ካርታው፦ ድሬዳዋ ተቀምጦ የባሕር ወለል ጥቃቅን ክሩስታሺያንን ማጥናት

«አቦ ቲቸር፣ ባሕር በሌለበት አገር የባሕር እንስሳ ምን ያደርግልናል?»

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ይጠይቁኛል። መልሴ ሁልጊዜ ከድንጋይ ይጀምራል። በድሬዳዋ ዙሪያ ለሲሚንቶ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ባሕር ወለል ላይ የተኛ ደለል ነበር። ከተማችንም የተቆረቆረችው በባሕር ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ድሬ ዛሬ የምናውቃት ከተማ አትሆንም ነበር። እስከ ጅቡቲ በሐዲዱ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ሥራው ሁለት ክፍል አለው። እጃችንን የምናፍታታው ሐሮማያ ሐይቅ ዳር፣ በጭቃ ነው። የባሕሩን ወለል የምናጠናው ደግሞ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሰብስበው በነፃ በለቀቁት መረጃ ነው። በሁለቱም ውስጥ አንድ ቃል አትርሱ፤ እሱም «የት?» የሚለው ነው። እንስሳውን ማግኘት ደስ ይላል። የት እንደተገኘ ካልታወቀ ግን ስለ ስርጭቱ ምንም ሊነግረን አይችልም።

በመጀመሪያ ማን ማን እንደሆኑ እንወቅ

ክሩስታሺያን ማለት ሸርጣንና ሽሪምፕ ያሉበት ወገን ነው። እኛ የምንፈልገው በደለሉ ላይና ውስጥ የሚኖሩትን ትንንሾቹን ነው። አብዛኞቹ ከጤፍ ፍሬ እስከ ሩዝ ፍሬ ያክላሉ። የሳይንስ ስማቸውን እንዳለ እጠቀማለሁ። መልካቸውን ግን ቤታችሁ ካለ ዕቃ ጋር እያመሳሰላችሁ ያዙት። ተማሪዎቼ የሚይዙት እንደዚህ ነው።

አምፊፖድ ከጎንና ከጎን የተጨፈለቀ ነው። ሳህን ላይ ስታስቀምጡት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በጎኑ ይተኛና እንደ ማጭድ ይጎብጣል። አይሶፖድ የእሱ ተቃራኒ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የተጨፈለቀ ነው። አይሶፖድን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። እርጥብ ቦታ ላይ ድንጋይ ወይም የአበባ ማሰሮ ስታነሱ የሚሯሯጠው ግራጫ፣ ብዙ እግር ያለው ትንሽ ፍጥረት የየብስ አይሶፖድ ነው። የሁለቱም ወገን እስካሁን ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች እያንዳንዳቸው ከ10,000 በላይ ናቸው።

ኩማሺያን ጭልፋ ይመስላል። ፊቱ የተነፋ፣ ጅራቱ ቀጭንና ረጅም ነው። ታናይድ እንደ ተሰበረ ክብሪት እንጨት ቀጭን ሆኖ ከፊት ሁለት መቆንጠጫ አለው። ኦስትራኮድ ደግሞ ምስር ነው ማለት ይቻላል። መላ አካሉ በሁለት ክክ መሰል ቅርፊት ውስጥ ተዘግቷል፤ በሕይወት ካለ እግሮቹን በስንጥቁ አውጥቶ ይንቀሳቀሳል። ኮፔፖድ የእንባ ጠብታ ቅርጽ አለው። ከኋላው ሁለት ፀጉር መሳይ ነገር ይወጣል፤ ሴቷ ብዙ ጊዜ የእንቁላል ከረጢት ተሸክማ ትገኛለች። በባሕር ደለል ውስጥ ካሉ በዓይን በጭንቅ ከሚታዩ እንስሳት በቁጥር አንደኞቹ ድቡልቡል ትሎች ናቸው። ቀጥለው ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ሃርፓክቲኮይድ የሚባሉት ኮፔፖዶች ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የስርጭቱ ነገር የሚፈታው እዚህ ነውና። አምፊፖድ፣ አይሶፖድ፣ ኩማሺያንና ታናይድ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። እናትየው እንቁላሏን ደረቷ ሥር ባለ ኪስ ታቅፋለች። ልጆቹ ከኪሱ ሲወጡ የእናታቸውን መልክ ይዘው ነው። የሸርጣን እጭ ለሳምንታት በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሩቅ አገር ሊደርስ ይችላል። የእነዚህ ልጆች ግን ከእናታቸው ጭቃ ብዙም አይርቁም። ስለዚህ አንዱ ሸለቆ ከሌላው የተለየ የራሱ ዝርያ ሊያበቅል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2005 በአንታርክቲካ ዙሪያ ጥልቅ ባሕር ውስጥ በተደረገ የምርምር ጉዞ 674 የአይሶፖድ ዝርያዎች ተገኙ። ከእነዚህ 585ቱ ከዚያ በፊት ሳይንስ የማያውቃቸው ነበሩ። ይህን ቁጥር ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ሁሌም ዝም ይላሉ። እኔም የመጀመሪያ ቀን ሳነብ ዝም ብያለሁ።

ጥያቄያችሁን አጥብቡ

«ሐሮማያ ውስጥ ምን አለ?» የሚል ጥያቄ ማለቂያ የለውም። «ሣር በበቀለበት ዳርና ሣር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ያሉት ኦስትራኮዶች ይለያያሉ?» የሚለው ግን በአንድ ቅዳሜ ናሙናው ተሰብስቦ በሁለት ሳምንት ይቆጠራል። ሁለት ቦታ ምረጡ። የሚለዩበት ነገር አንድ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ሣር ያለበትና ጥልቅ፣ ሌላው ሣር የሌለበትና ጥልቀት የሌለው ከሆነ፣ ልዩነቱ ከሣሩ ይምጣ ከጥልቀቱ መለየት አይቻልም። ከእያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ 3 ናሙና ውሰዱ። አንድ ናሙና ብቻ ከሆነ ያገኛችሁት ነገር የቦታው ጠባይ ይሁን ዕድል አታውቁም።

ዕቃ ማሰናዳት

ውድ ነገር አያስፈልግም። ዋናው ዕቃ ቱቦ ነው። የውስጥ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቆርጡ። የአንዱን ጫፍ ጠርዝ በሞረድ ስል አድርጉት። ለሁለቱም አፍ የሚሆን ክዳን ያስፈልጋል፤ ከሌለ መዳፋችሁም ይሠራል።

ቀጥሎ ወንፊት ነው። ሦስት ደረጃ ይበቃል። የመጀመሪያው ተራ የሻይ ማጥለያ ነው፤ ቅጠልና ድንጋይ ይይዝልናል። ሁለተኛው ደቃቅ የዱቄት ወንፊት ነው። ሦስተኛው ጨርቅ ነው። ባለሙያዎች ለደቃቆቹ እንስሳት ቀዳዳው 63 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር 16 እጅ አንዱ፣ የሆነ ወንፊት ይጠቀማሉ። ያን ያህል ደቃቅ ለማግኘት ያስቸግራል። ለኦስትራኮድ ግን ስስ ሻሽ ያገለግላል። ከፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ሻሽና ሺፎን ስትመርጡ ቀለሙን ተዉትና ሽመናውን እዩ። ማስመሪያ ጨርቁ ላይ አስቀምጡ፣ በስልክ ቀርባችሁ ፎቶ አንሱ፣ አሳድጋችሁ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ክር እንዳለ ቁጠሩ። 40 ክር ካለ በክርና በክር መካከል ያለው ርቀት ሩብ ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳው ራሱ ከዚያ ያንሳል። ይህን ቁጥር ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት። ወንፊቱ የተለያየ ከሆነ የሁለት ሰው ውጤት አይነጻጸርም።

ባዶ ሃይላንድ ወገቡ ላይ ቁረጡ፣ ጨርቁን አፉ ላይ ወጥራችሁ በላስቲክ እሰሩ፤ ወንፊቱ ተሠራ።

ከዚህ ሌላ ባልዲ፣ ጆግ፣ ክዳናቸው የሚገጥም ብልቃጦች፣ ቀጭን የሥዕል ብሩሽ፣ ጠብታ መሳቢያ፣ እርሳስና ወፍራም ወረቀት ያስፈልጋሉ። ለማቆያ ከ70 በመቶ ያላነሰ አልኮል ግዙ። ፎርማሊን አልመክርም። ለጤና ጎጂ ነው፤ አሲድነቱ ካልተስተካከለ ደግሞ የኦስትራኮዱን ቅርፊት ያሟሟዋል።

ማይክሮስኮፕ በተመለከተ ከ10 እስከ 40 ጊዜ የሚያጎላ በሁለት ዓይን የሚታይ ዓይነት ቢገኝ ከሁሉ ይሻላል። ብዙ ትምህርት ቤት ያለው ግን ለሴል የሚሆነው ነው። እሱም ቢሆን በትንሹ ሌንስ ያገለግላል። ሁለቱም ከሌሉ በስልክ ካሜራ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማጉያ ሌንስ ወገኑን ለመለየት በቂ ነው።

ሐሮማያ ላይ ናሙና መውሰድ

ከድሬ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ከወጡ በኋላ አየሩ ይቀዘቅዛል። ሐሮማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሐረር ያላችሁ ደግሞ በጣም ቅርባችሁ ነው። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ነበር። ብዙዎቻችን መሃሉ ላይ በእግር ሄደንበታል፤ ያን ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ባለፉት ዓመታት ውሃው ተመልሶ ስናየው የተሰማንን ደስታ እዚህ መጻፍ ይከብደኛል።

ከመግባታችሁ በፊት የአካባቢውን ቀበሌና ዳር ላይ የሚያርሱትን ሰዎች አስፈቅዱ። ቦት ጫማና ረጅም ጓንት አድርጉ። በአገራችን ሐይቆች ዳር ቢልሃርዝያ ሊኖር ስለሚችል በባዶ እግር አትግቡ። ከጉልበት በላይ አትዝለቁ። ብቻችሁን አትሂዱ።

ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጭቃው ውስጥ አስገቡ። በኃይል ከመታችሁት ከፊቱ የሚገፋው ውሃ የላይኛውን ስስ ሽፋን ያበነዋል። እንስሶቹ ደግሞ በብዛት ያሉት እዚያው የላይኛው ሽፋን ላይ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲገባ የላይኛውን አፍ ድፈኑ፣ ሳብ አድርጉ፣ ከውሃው ሳይወጣ የታችኛውንም ድፈኑ። ከዚያ ከታች በእንጨት እየገፋችሁ የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብልቃጥ ውስጥ ቁረጡ። የቀረውን መልሱት።

ዳሩ ደርቆ ከሆነ አትመለሱ። ደረቁን ጭቃም ውሰዱ። ብዙ የሐይቅና የኩሬ ክሩስታሺያን ድርቅ የሚቋቋም እንቁላል ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ኖርዌያዊው ጆርጅ ኦሲያን ሳርስ ከአውስትራሊያ ደረቅ ጭቃ በፖስታ ይላክለት ነበር። እሱ ኖርዌይ ተቀምጦ ጭቃውን ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፈ ከዚያ የተፈለፈሉትን አሳድጎ፣ ሥሎ፣ አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጿል። እኛም እንችላለን። ደረቁን ጭቃ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሰፊ ሳህን ላይ አንጥፉ። የዝናብ ውሃ ጨምሩበት፤ የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ክፍት ይደር። ብርሃን ባለበት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው ቦታ አስቀምጡት። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ በባትሪ እያበራችሁ እዩ። አንዳንዱ በቀናት ውስጥ፣ አንዳንዱ ከሳምንት በኋላ ይወጣል። ይህን ሙከራ ከሠራሁ በኋላ ደረቅ ኩሬ ሳይ የሞተ ቦታ ነው ማለት ትቻለሁ።

መለያ ወረቀቱ

መሰብሰብ በጀመርኩበት ሰሞን አሥራ ሁለት ብልቃጥ ሞልቼ በእስክሪብቶ ላያቸው ላይ ጻፍኩ። ቤት ስደርስ አልኮሉ ፈስሶ ጽሑፉን ሙልጭ አድርጎ አጥቦታል። እንስሶቹ ውስጥ ነበሩ። የትኛው ከሣሩ፣ የትኛው ከባዶው ጭቃ እንደመጣ ግን ማወቅ አልተቻለም። የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ለማሳያ ብቻ ሆነ።

ስለዚህ በእርሳስ ጻፉ። እርሳስ በአልኮል አይለቅም። ወፍራም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት። ውጪ የተለጠፈ ይወድቃል፤ ውስጥ ያለ አይጠፋም። የቦታውን ስም፣ ስልካችሁ የሚሰጣችሁን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር፣ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ የውሃውን ጥልቀት፣ የወለሉን ዓይነት፣ የናሙናውን ቁጥርና የሰብሳቢውን ስም ጻፉ። ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር ግልጽ አድርጉ። «12/3» ብቻ ከጻፋችሁ ከዓመት በኋላ ራሳችሁም አትረዱትም። ቅጂውን ደብተር ላይ አስፍሩ።

ማጠብና መለየት

ናሙናውን ባልዲ ውስጥ ገልብጡና ውሃ ጨምራችሁ በእጅ ቀስ ብላችሁ አሟሙት። ሁለት መቶ ዓመት የቆየ ቅርስ እንደምታጥቡ ሁኑ፤ የእንስሶቹ እግርና አንቴና በቀላሉ ይሰበራል፣ ያለ እግር ደግሞ ዝርያ አይለይም። አንድ ጊዜ አማስሉት፣ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ አሸዋው ሲዘቅጥ የላይኛውን ውሃ በሦስቱ ወንፊት ላይ በተራ አፍስሱ። ይህን አምስት ጊዜ ድገሙት። ቀላሎቹ እንስሶች ከውሃው ጋር ይወጣሉ።

ብዙ ስብርባሪ ቅጠል ካስቸገረ ስኳር ይረዳል። 1 ኪሎ ስኳር በ2 ሊትር ውሃ አሟሙና ወንፊቱ ላይ የቀረውን እዚያ ውስጥ ጨምሩት። ውሃው ስለከበደ እንስሶቹ ይንሳፈፋሉ። ኦስትራኮድ ግን ቅርፊቱ ከባድ ስለሆነ ሊዘቅጥ ይችላል፤ የዘቀጠውንም ሳታዩ አትድፉ። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አልኮል ውስጥ አስገቡ።

ቀጥሎ የትዕግሥት ሥራ ነው። ሮዝ ቤንጋል የሚባል ቀለም ካገኛችሁ ከአንድ ቀን በፊት ጥቂት ጨምሩበት። ሥጋ ያለውን ሮዝ ስለሚያደርገው ከቆሻሻው ይለያል። ሲሰበሰብ በሕይወት የነበረውን ኦስትራኮድ ከባዶ ቅርፊትም ለመለየት ይጠቅማል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባዶ ቅርፊት ማለት እንስሳው ከብዙ ዓመት በፊት ኖሮ ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ የቆጠረ ሰው የዛሬውንና የድሮውን ሐይቅ እንደ አንድ ሐይቅ ይቆጥራል። ለየብቻ ጻፏቸው።

የፕላስቲክ ክዳን ታች በምስማር መስመር ጭራችሁ እንደ ደብተር ካሬ አድርጉት። ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ካሬ በካሬ ሂዱ። ያያችሁትን በብሩሽ ጫፍ አንስታችሁ በየወገኑ ትንንሽ ብልቃጥ ውስጥ ክተቱ። ሐሮማያ ላይ በብዛት የምትጠብቁት ኦስትራኮድ፣ ኮፔፖድና የውሃ ቁንጫ የሚባሉትን ሌሎች ጥቃቅን ክሩስታሺያን ነው። ኩማሺያንና ታናይድ የባሕር ናቸው ማለት ይቻላል። አንድ ናሙና ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ድሬ ውስጥ ቀትር ላይ አትሥሩት፤ አልኮሉ በዓይናችሁ ፊት ይተናል፣ እንስሳውም ይደርቃል። እኔ የምሠራው ጎህ ሲቀድ ወይም ከመግሪብ በኋላ በረንዳ ላይ ነው።

የዝርያ ስም አትሽቀዳደሙ። መልካቸው የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጋችሁ «ኦስትራኮድ ሀ»፣ «ኦስትራኮድ ለ» በሏቸው። እያንዳንዱን ሥሉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ርዝመቱን ለኩ። ትልልቅ ተመራማሪዎችም ጥልቅ ባሕር ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ አብዛኛው ገና ስም የለውማ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ኦስትራኮድ እያደገ ሲሄድ ቅርፊቱን ይቀይራል፤ ወንዱና ሴቷም መልካቸው ሊለያይ ይችላል። ትንሹን ሌላ ዝርያ ብላችሁ እንዳትቆጥሩ።

መቁጠርና ማስላት

ቧንቧችን ውስጡ ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የአፉ የቆዳ ስፋት 19.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያገኛችሁትን ቁጥር በ510 ካባዛችሁ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት እንዳለ ግምት ይሰጣችኋል። እያንዳንዱን ናሙና ለየብቻ አስሉና አማካዩን ውሰዱ።

ብዛት ግን ብዝኃነት አይደለም። ለማሳያ በፈጠርኩት ቁጥር ላስረዳ። ሁለት ቦታ አለን እንበል፤ በሁለቱም 4 ዝርያና 100 እንስሳ አለ። በአንደኛው 40፣ 30፣ 20 እና 10 ሆነው ተከፋፍለዋል። በሁለተኛው አንዱ ዝርያ 97 ነው፤ ሦስቱ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። የዝርያው ቁጥር እኩል ነው። እጃችሁን ብትከቱ ግን በሁለተኛው ቦታ የምታወጡት ሁልጊዜ ያንኑ ነው።

ይህን ልዩነት የሚለካው የሻነን መለኪያ ነው። የእያንዳንዱን ዝርያ ድርሻ በአስርዮሽ ጻፉ፤ ለምሳሌ 0.4። በካልኩሌተር የዚያን ቁጥር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም (ln የሚለውን) ውሰዱና ከድርሻው ጋር አባዙት። ሁሉንም ደምሩና የመቀነስ ምልክቱን አንሱ። የመጀመሪያው ቦታ 1.28 ይሆናል፤ ሁለተኛው 0.17። ቁጥሮቹ ብቻቸውን ስሜት አይሰጡም። ስለዚህ አንድ እርምጃ እጨምራለሁ፤ ባገኛችሁት ቁጥር ላይ የተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙን ግልባጭ (ካልኩሌተሩ ላይ eˣ የሚለውን) ተጠቀሙ። የመጀመሪያው 3.6፣ ሁለተኛው 1.2 ይሆናል። ትርጉሙም፣ የመጀመሪያው ቦታ እኩል የሆኑ 3.6 ዝርያዎች እንዳሉበት ያህል ነው፤ ሁለተኛው ግን ከአንድ ዝርያ ብዙም አይሻልም።

ወደ ባሕሩ፦ ነፃውን መረጃ ማውረድ

ጅቡቲ ዘመድ ያለው ሰው «አሸዋ በጆንያ ላስመጣ?» ይለኛል። ሕያው ናሙና ድንበር ሲያቋርጥ ፈቃድ ይጠይቃል። በትምህርት ተቋም በኩል በደብዳቤ ካልሆነ አትሞክሩት። የሚያስፈልገን ብዙው ነገር ስልካችን ላይ አለ።

ኦቢስ (OBIS) የሚባል የዓለም የባሕር ብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት አለ፤ በዩኔስኮ የባሕር ኮሚሽን ሥር የሚተዳደርና ክፍያ የሌለው። ድረ ገጹ ላይ ካርታ አለ። የወገኑን ስም በላቲን ፊደል ጻፉ፤ አምፊፖዳ (Amphipoda) ወይም ኩማሺያ (Cumacea)። ከዚያ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ መስመር አስምሩና ሰንጠረዡን አውርዱ። በኤክሴል ይከፈታል። ዓምዶቹ ብዙ ናቸው፤ የሚያስፈልጉን የዝርያ ስም፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ጥልቀትና ቀን ናቸው።

ያወረዳችሁትን እንዳለ አትመኑ። እስከ ዝርያ ያልተለየውን ረድፍ ለየብቻ አስቀምጡ። የተደጋገመውን አስወግዱ። ስሞቹን ዎርምስ (WoRMS) በሚባለው የባሕር ዝርያዎች መዝገብ ላይ ፈትሹ፤ አንድ እንስሳ በሁለት ስም ተመዝግቦ ሁለት ዝርያ መስሎ ሊቆጠር ይችላልና። ቀጥሎ ቦታውን ፈትሹ። ጅቡቲ በሰሜን 11.6፣ በምሥራቅ 43.1 ዲግሪ ላይ ናት። ሁለቱን ቁጥር ያቀያየረ ሰው ነጥቡን ጣሊያን መሃል ያሳርፈዋል። ለእኔም የመጀመሪያው ካርታዬ ላይ እንዲህ ሆኖ አምፊፖዶቼ ቶስካና ኮረብታ ላይ ወጡ። ዓምዱን አስተካክዬ እንደገና ሠራሁት። በየብስ ላይ ያረፈ፣ ወይም ሁለቱም ቁጥር ዜሮ የሆነ ነጥብ ካያችሁ ስህተት አለ።

ከዚያ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ወደ ሙሉ ዲግሪ ዝቅ አድርጉ። አንድ ዲግሪ እኛ አካባቢ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ስንት ዝርያና ስንት መዝገብ (ማለትም ስንት ረድፍ) እንዳለ ፒቮት ቴብል በሚባለው የኤክሴል መቁጠሪያ ሰንጠረዥ ቁጠሩ። ካርታውን ኪውጂአይኤስ (QGIS) በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መሣል ይቻላል። ካልቻላችሁ በካሬ ወረቀትና በባለ ቀለም እርሳስ ሥሩት፤ ተማሪዎቼ ከኮምፒውተሩ ይልቅ በእጅ ሲሥሉት ይበልጥ ይገባቸዋል።

ካርታውን ማንበብ

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ካርታችሁ ላይ ወደብና የምርምር ጣቢያ ያለበት ሁሉ ደምቆ ይታያል። ይህ እንስሶቹ እዚያ ስለበዙ ላይሆን ይችላል። ሰው እዚያ አብዝቶ ስለፈለጋቸው ሊሆን ይችላል። ባዶው ካሬ «የለም» አይልም፤ ብዙውን ጊዜ «ማንም አልሄደም» ነው የሚለው።

መፍትሔው እኩል እፍኝ ማድረግ ነው። ከፊራ ላይ ሁለት የተደባለቀ እህል ጆንያ አለ እንበል። ከአንዱ በስኒ፣ ከሌላው በቁና ቀድታችሁ «የትኛው ብዙ ዓይነት አለው?» ብትሉ ፍርዱ ልክ አይሆንም። ከሁለቱም 50 ፍሬ ብቻ አውጡና አወዳድሩ። ኦቢስ ራሱም ከ50 መዝገብ ስንት ዝርያ ይጠበቃል የሚል መለኪያ ይጠቀማል። በእጅ ለመሥራት ከእያንዳንዱ ካሬ 50 ረድፍ በዕጣ አውጡ፣ ዝርያዎቹን ቁጠሩ፣ አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ከ50 መዝገብ በታች ያለውን ካሬ ግራጫ ቀቡት፤ ገና አይፈረድበትም።

ጥልቀቱንም አትርሱ። ምግብ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ወለሉ በራቀ ቁጥር የሚደርሰው ፍርፋሪ ይቀንሳል። ግን ቀነሰ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። በማሪያና ጉድጓድ ከ10,000 ሜትር በታች እንኳ አምፊፖዶች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካውያኑ ሃዋርድ ሳንደርስና ሮበርት ሄስለር በጥልቁ ጭቃ ላይ ደቃቅ መረብ ሲጎትቱ ያገኙት የዝርያ ብዛት በረሃ ነው ይባል ስለነበረው ወለል የነበረውን እይታ ቀይሮታል።

የእኛ ጎረቤት ቀይ ባሕር ደግሞ ልዩ ነው። በደቡብ በኩል፣ ከባብ ኤል መንደብ ወደ ውስጥ ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ ወለሉ ወደ ላይ ከፍ ብሎ 137 ሜትር ጥልቀት ብቻ ይቀራል። ይህ እንደ ቤት ደፍ ነው። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ቀዝቃዛ የጥልቅ ውሃ ደፉን አያልፍም። ስለዚህ በቀይ ባሕር 2,000 ሜትር ላይ እንኳ ውሃው 21 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ከደፉ ውጪ በዚያው ጥልቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ጨውነቱም ይለያል፤ ቀይ ባሕር በሺህ 40 ገደማ፣ የተለመደው ውቅያኖስ 35። ሙቀቱ የሚወርደውን ምግብ ቶሎ ስለሚያበሰብሰው ወለሉ ይራባል። አሁን ልጆቿን በኪስ የምታቅፈውን የጥልቅ ባሕር አይሶፖድ አስቧት። እሷም፣ ልጆቿም ቅዝቃዜ የለመዱ ናቸው። ያን ደፍ እንዴት ይሻገራሉ?

ካርታችሁን ከ200 ሜትር በላይና በታች ብላችሁ ሁለት ጊዜ ሥሩት። ደፉን በቀይ መስመር አስምሩ። ከደፉ በሁለቱም በኩል የሚገኙትን ዝርያዎች ስም በአንድ ዓምድ፣ በአንድ በኩል ብቻ የታዩትን በሌላ ዓምድ ጻፉ። ጥልቁ ላይ መዝገቡ ቀጭን ከሆነ ቀጭን ነው ብላችሁ ከካርታው ግርጌ ጻፉበት።

ብልቃጦቹን ማስቀመጥ

የሐሮማያውን ናሙና ከቆጠራችሁ በኋላ አትድፉት። ነገ ከእናንተ የተሻለ የሚለይ ሰው ይመጣል። ብልቃጡን ጨለማ ሳጥን ውስጥ ቁም አድርጉት፤ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልሉት። የድሬ ግንቦትና ሰኔ አልኮልን ያደርቃል። ስለዚህ ሚያዝያ ሲያልቅ አንድ በአንድ እየከፈታችሁ የጎደለውን ሙሉ። በዚያው ጊዜ መለያ ወረቀቱ ውስጥ መኖሩንና መነበቡን እዩ፤ እርሳሱ ደብዝዞ ከሆነ አዲስ ጽፋችሁ ከአሮጌው ጋር አብራችሁ ክተቱ።